ያልተጠቀሰ ደም

ምሁርን በተጠቀሰበት ብዛት መመዘን ልማድ ሆኗል። እኔ ሚዛኑን አላምነውም። እዚሁ ጉለሌያችን ባለው የጤና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ተጀመረ። ዶክተር ፀሐይነሽ መሠለና ባልደረቦቻቸው በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ የጤነኛ ኢትዮጵያዊ ያልነቁ የመከላከያ ሴሎች ከሆላንዳዊው ያነሱ፣ የነቁት ደግሞ የበዙ ሆነው ተገኙ። (ከስንት በሽታ ጋር ሲታገል የኖረ ሰውነት ነዋ!) ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በ2005 ነፃው መድኃኒት ሲመጣ፣ ማን ሕክምና ይጀምር የሚለውን በአብዛኛው የወሰነው የሲዲ ፎር ቁጥር ነበር።

ጥናቱን ብዙዎች ጠቅሰውታል። ፕሮጀክቱ ለዓመታት የተከታተላቸውን የአቃቂና የወንጂ ፋብሪካ ሠራተኞችስ? ከእነርሱ አንዱ ሸጎሌ ጎረቤቴ ነበሩ። በየስድስት ወሩ ክንዳቸውን ዘርግተዋል። «ደሜ ሆላንድ ደርሷል፤ እኔ ግን ከአዋሽ አላለፍኩም» እያሉ ይስቁ ነበር።