የአያቴ ፊት አመድ አይደለም

እኛ ሐበሾች ለሰው መልክ ቃል አናጣም። ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር… «ቀይ ነው» ያልነው ሰውዬ እንደ በርበሬ የቀላ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ማብራሪያ አይጠይቅም። ፎቶሾፕ ግን ይጠይቃል። ለእሱ መልክ ማለት ሦስት ቁጥር ነው፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ በነሐሴ 2013 ወልድያ ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ሲቆይ ከብዙ ቤት ብዙ ነገር ወጣ። ከእኛ ቤት ከወጣው ውስጥ አልበሙ አለበት። የአያቴ ፎቶ ተርፎ የተገኘው አዲስ አበባ ባለው አጎቴ የኪስ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ጉርድ፣ አንድ ጥጉ የተቀደደ። መርሳ የሚኖሩት አክስቴ «በቀለም ይሠራልኝ» ብለው አንድ ፎቶ ቤት ሰጡት። ተሠርቶ መጣ። አያቴ፣ ሐብሩ ፀሐይ ላይ ሲያርሱ የኖሩ ሰው፣ አመድ መስለው መጡ!

ምን እንደተደረገ ያስታውቃል። ባለሙያው ግራጫ ጥላ በኖርማል ቀብቷል። ኖርማል ከላይ ያለውን እንዳለ ይለጥፋል፤ ግራጫ ሲለጠፍ የቆዳውን ቀለም ይሸፍነዋል። ለጥላ የሚሆነው መልቲፕላይ ነው። ስሙ እንደሚለው ያባዛል፦ የላዩ ቁጥር በታችኛው ተባዝቶ ለ255 ይካፈላል። 128 በ128 ላይ ሲያርፍ 64 ይሆናል። ነጭ ቢያርፍ ለውጥ የለም፤ ጥቁር ቢያርፍ ሁሉም ይጠፋል። ታዲያ መልቲፕላይ ላይም ቢሆን ንጹሕ ግራጫ ሦስቱንም ቁጥር እኩል ስለሚቀንስ ፊቱ ይጠቁራል እንጂ ሕይወት አያገኝም። እኔ ለጥላ ወደ ቀይ ያደላ ቡናማ እወስዳለሁ፤ አረንጓዴውና ሰማያዊው አብዝተው ሲወርዱ ቀዩ ይቀራል፣ ጥላው ውስጥ ደም ያለ ይመስላል። (የጎንደር ሠዓልያን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፊትን በጥላ ማለስለስ ጀምረው ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበረው ስልት ጠፍጣፋና ደማቅ ቀለም ይወድ ነበር። ኮምፒውተር አልነበራቸውም፣ ዓይን ነበራቸው።)

ለአሮጌ ፎቶ ግን ዋናው መሣሪያ «ከለር» የሚባለው ነው። ብርሃንና ጥላውን ከታችኛው ፎቶ ይተዋል፤ የቀለሙን ዓይነትና ድምቀት ብቻ ከላይ ይወስዳል። ፎቶግራፍ አንሺው የያዘውን ጥላ አይነካም፤ ለዚህም እወደዋለሁ። አንድ ችግር አለበት፤ የነጣ ቦታ ላይ አይሠራም። የአያቴ ግንባር ፀሐይ በልቶት ነጭ ሆኖ ነበርና እሷን ብቻ በመልቲፕላይ ቀባሁ።

ይህ ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ «የትኛው ቀለም?» የሚለው ነው። እናቴ «አባቴ ጠይም ነበሩ» ትላለች፤ አክስቴ «የለም፣ የቀይ ዳማ ናቸው» ይላሉ። ፎቶው ሊያስታርቃቸው አይችልም፤ ጥላ ውስጥ የቆመ ቀይ ሰውና ፀሐይ ላይ የቆመ ጠይም ሰው አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊታተሙ ይችላሉና። ጋዜጠኝነት ስማር ፎቶ ላይ መጨመር ውሸት ነው ተብዬ ነው የወጣሁት። ለዜና አሁንም እንደዚያው አምናለሁ። ለሳሎን ግድግዳ ግን እናቴን «ማስረጃ አምጪ» ልላት ነው?

አክስቴ ገላገሉኝ። መርሳ፣ በራቸው ጥላ ሥር ቁጭ ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና «የእኔን ክንድ እዪ፣ የሳቸው ልጅ ነኝ» አሉኝ። አጠገቡ ነጭ ወረቀት አድርጌ በስልኬ አነሳሁት፤ ወረቀቱ ነጭ እስኪሆን አስተካክዬ ቀለሙን ከክንዳቸው ቀዳሁ። እናቴ ስታየው ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና «እንግዲህ… እሳቸው ናቸው» አለች። ማን እንደረታ እስካሁን አልተነገረም።

ዋናው ፎቶ ከሥር ሳይነካ አለ፤ ቀለሙ ሁሉ በየራሱ ሌየር ነው፣ ዓይኗን ምልክት ስነካት ይጠፋል። የታተመው ጀርባ ላይ «ቀለሙ በኋላ የተጨመረ» ብዬ ጽፌያለሁ። ጋቢው ነጭ ነው፣ አላከራከረም። የኮቱን ቀለም ግን ማንም ሊያስታውስ አልቻለም፤ ግራጫውን እንዳለ ተውኩት።