ጥሬ በቢላዋ፦ የቡታጅራ መንገድ ማስታወሻ

ዓለም ገና

የመስቀል ሰሞን ወደ ቡታጅራ የሚሄድ መኪና ማግኘት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። መርካቶ ሲነግድ የከረመው ሁሉ አገሩ ይገባል፤ ረዳቱም ይህን ስለሚያውቅ በትርፍ ላይ ትርፍ ይጭናል። ጣሪያው ላይ ፍራሽ፣ ጀሪካንና የተጠቀለለ ምንጣፍ ታስሯል። ውስጥ ደግሞ ወሬው ሁሉ ሥጋ ነው፤ ማን ከማን ጋር ቅርጫ እንደገባ፣ ሰንጋ ዘንድሮ ስንት እንደወጣ፣ የማን በሬ ጮማ እንዳለው።

ከጎኔ የተቀመጠችው ወጣት ብቻ ወሬው ውስጥ የለችም። ጭኗ ላይ ባለው የፕላስቲክ ዕቃ የተከተፈ ካሮት፣ ኪያርና ቀይ ሥር ይዛለች።

“ጥሬ ብቻ ነው የምበላው፣ ጋሼ” አለችኝ። እሳት የነካውን ምግብ ከተወች ወራት ሆኗታል። ክብደቷ ቀንሷል፣ ፊቷ ጠርቷል፣ ከምሳ በኋላ ይጥላት የነበረው እንቅልፍ ለቋታል። “የቸገረኝ አያቴ ናት። ክትፎ አዘጋጅታ ነው የምትጠብቀኝ።”

“ክትፎስ ጥሬ አይደል እንዴ!” አሉ ከኋላ አንድ አባት። መኪናው በሙሉ ሳቀ።

ልጅቷ የምትለው ነገር ውሸት የለበትም። ዘይቱን፣ ስኳሩን፣ ብስኩትና ሳምቡሳውን በአንዴ የተወ ሰው ቢቀለው አይገርምም። ቫይታሚን ሲና ፎሌት ሙቀት አይወዱም፤ ጎመን ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ ብዙው አብሮ ይደፋል። የያዘችው ካሮት ግን ቢበስልና ጥቂት ቅባት ቢነካው ኖሮ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀየረውን ንጥረ ነገር የበለጠ በሰጣት ነበር። ክብደቷም የቀነሰው ጥሬው ተአምር ሠርቶ ሳይሆን፣ ጥሬ ምግብ ጉልበቱን ለሰውነት በቀላሉ ስለማይለቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ለአይጦች ሥጋና ስኳር ድንች አንዴ ጥሬውን፣ አንዴ አብስለው ሲሰጧቸው የተሻለ ጉልበት ያገኙት ከበሰለው ነበር። በጀርመን ጊሰን ደግሞ ለረጅም ጊዜ ጥሬ ሲበሉ የኖሩ ከ500 በላይ ሰዎች ተጠንተው፣ ከ45 ዓመት በታች ካሉት ሴቶች 30 በመቶ ያህሉ የወር አበባቸው ተዛብቶ ወይም ጨርሶ ቆሞ ተገኝቷል፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ይህን ለማላውቃት ልጅ በሞላ ሚኒባስ ውስጥ ማንሳት ነውር ስለሆነ እዚህ ማስታወሻ ላይ ብቻ ቀረ።

ያነሳሁላት ሌላ ነገር ነው፤ ሰላጣውን ከየት እንደምትገዛ። ከሰፈር ጉልት ነው አለች። አዲስ አበባ የምትበላው ቅጠላ ቅጠል ትንሽ የማይባለው በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ውሃ የሚለማ ነው። ወንዙ የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካውን ዝቃጭ ተሸክሞ ይወርዳል። በደንብ ማጠብ ጀርሙንና የወስፋቱን እንቁላል ይቀንሳል፤ ቅጠሉ ውስጥ የሰረገው ከባድ ብረት ግን በማጠብም በመቀቀልም አይለቅም።

መልካ ቁንጡሬ

መንገዱ አዋሽን የሚሻገርበት አካባቢ፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወረድኩ። ሙዚየሙ ክብ ክብ ጎጆዎች ናቸው። ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1963 ያገኘው ሆላንዳዊው ጄራርድ ዴከር ነው፤ ከ1965 ጀምሮ ደግሞ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ቁፋሮውን መርቷል። ከጎረቤቱ ባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ገና በ2024 ነው።

አስጎብኚው ከባልጪት መሬት ያነሳውን ስባሪ ድንጋይ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ጥቁር ነው፣ እንደ ጠርሙስ ያብረቀርቃል። ወደ ፀሐይ ሳዞረው ጠርዙ ስስ ስለሆነ ብርሃን አሳልፎ ቡናማ ሆነ። “ጣትዎን ጋሼ! ከምላጭ ይብሳል” አለኝ። እዚህ ሸለቆ ውስጥ ሰው መሰል ፍጡራን እንዲህ ያለውን ድንጋይ እየጠረቡ መገልገል የጀመሩት ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው።

እዚህ የወረድኩት አንድ ጥናት ትዝ ብሎኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ካትሪን ዚንክና ዳንኤል ሊበርማን የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ጥሬ የፍየል ሥጋ አስኝከዋቸዋል። ሳይቆረጥ የተሰጠው ሥጋ ቢታኘክ ቢታኘክ አልበተን ብሎ አንድ ጉርሻ እንደሆነ ቀረ፤ የእኛ ጥርስ ለእሱ አልተሠራም። ቀድሞ በስሱ ከተቆረጠ ግን ይበላል። ሥጋው ተቆርጦ፣ ሥራ ሥሩ ተቀጥቅጦ ቢበላ ማኘኩ በ17 በመቶ፣ ለማኘክ የሚወጣው ኃይል ደግሞ በ26 በመቶ እንደሚቀንስ አስልተዋል፤ ከምግቡ ሲሶው ሥጋ ከሆነ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ያለ አንዳች እሳት ነው። ሪቻርድ ራንጋም እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው መጽሐፍ ሰውን ሰው ያደረገው ማብሰል ነው ብሎ ይከራከራል፤ ብዙ አርኪዮሎጂስቶች ግን እሳት የዘወትር መገልገያ የሆነው ከድንጋይ ቢላዋው በጣም ዘግይቶ ነው ይላሉ። በመሀል ባለው ዘመን ምግብ አሰናጁ ቢላዋ ነበር።

ጥሬ ሥጋ በጦርነት ጊዜ ጭስ ለጠላት እንዳይታይ ተብሎ ተጀመረ የሚባል ነገር አለ። ወታደሩ እንዲያ አድርጎ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ድንጋይ ይዞ ግን እዚያ ጀመረ ማለት ይከብዳል።

ቲያ ላይ አልወረድኩም፤ ዝናብ ጀምሮ ነበር። ከ36ቱ ትክል ድንጋዮች በብዙዎቹ ላይ የተቀረጹትን ጎራዴዎች ሌላ ጊዜ አያቸዋለሁ።

ቡታጅራ

ያረፍኩት የወዳጄ እናት ቤት ነው። እማማ ክትፎውን ለሠራተኛ አይሰጡም። ቀዩን ሥጋ ለይተው፣ ሽፋኑንና ጅማቱን በቢላዋ ጫፍ እየላጡ ወደ ጎን ይጥላሉ፤ ድመቷ እዚያው አድብታለች። ከዚያ መክተፊያው ላይ ዘርግተው ይከትፋሉ፣ ሰብስበው ይገለብጡታል፣ ደግሞ ይከትፋሉ። ቢላዋው እየደነዘዘ ሲሄድ ድምፁን ሰምተው ይስሉታል። ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበት ንጥር ቅቤ ለብ ብሎ ጣባው ውስጥ ይጠብቃል።

“እንግዳ ጥርሱን ሲጎረጉር ካየሁ እኔ ነኝ የማፍረው፣ ልጄ” ይላሉ።

ጊዜውን ልብ ብዬ አየሁ። ሥጋው ተከትፎ፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ታሽቶ፣ ከቆጮና ከአይብ ጋር ፊታችን እስኪቀርብ ቡና አንዴ የሚፈላበት ያህል እንኳ አልቆየም። የተከተፈ አያድርም፤ የቤቱ ሕግ ነው። ሕጉ ደግሞ ልክ ነው። ቁርጥ ላይ ጀርም ቢኖር የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ ላይ ላዩን ነው። ሥጋው ሲከተፍ ግን የቢላዋው፣ የእጁና የመክተፊያው ሁሉ ከሥጋው ጋር ይቀላቀላል። ከተማ ውስጥ ጠዋት ተከትፎ ማታ በሚቀርብበት ቤት ጥሬ ክትፎ የማላዝዘው ለዚህ ነው።

በማግስቱ ጓሮ ቅርጫው ታረደ። ቄራ ቢሆን የእንስሳት ሐኪሙ የመንጋጋውን ጡንቻ፣ ምላሱን፣ ልቡንና ወርቹን ሰንጥቆ ያያል፤ የሚፈልገው አተር የሚያህል፣ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ነው፤ የኮሶ ትል እጭ የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነው። ሐኪሙም ቢሆን በጥቂት ቦታ ሰንጥቆ ሁሉንም አያገኝም። እዚህ ጓሮ ውስጥ ግን የሚመረመረው ጮማው ብቻ ነው። መደቡ በኮባ ላይ ተደለደለ፣ ጉበቱ ለየብቻ ተቆራረሰ፣ ዕጣ ወጣ። ከሻኛው የተቆረሰልኝን በአዋዜ በላሁ። ጣፋጭ ነበር፤ ጣፋጭነቱን ለጤና ብዬ የምክድ ሰው አይደለሁም።

“አረቄ ጨምርበት፣ ኮሶውን ያቃጥለዋል” አለኝ አጠገቤ የቆመው ጎልማሳ።

አረቄም ሚጥሚጣም እጩን አይገድሉትም። የሚገድለው 60 ዲግሪ አካባቢ የደረሰ ሙቀት፣ ወይም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ቢያንስ ለ10 ቀን መቀመጥ ነው። ለብለብም አያስተማምንም፤ ውስጡ እንደቀዘቀዘ ነው። ትሉን የሚያሳድገው የሰው አንጀት ብቻ ነው፣ ሌላ ቤት የለውም። በሬው እንቁላሉን የሚያገኘው ሰው ከተጸዳዳበት ሣር ነው። ስለዚህ ከሥጋ ቤቱ ይልቅ የመንደሩ ሽንት ቤት ነው ዋናው ቁም ነገር። ይህን ለጎልማሳው ስነግረው ሳቀና ከጎድኑ ቆረሰልኝ።

ቢላዋ ከእሳት ሥራ ግማሹን፣ ማለስለሱን፣ ተክቶ ሠርቷል፤ እማማ እጅ ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ። መግደሉን ግን አልቻለም፣ ያን ሥራ የወሰደለትም የለም። የኮሶ ትል ከአራት እስከ አሥር ሜትር ቢረዝምም አብዛኛውን ጊዜ ከማሳከክና ከሆድ ጣጣ አያልፍም። የባሰው ሌላ ነው። ገንዘቡ እንዳይቀር ተብሎ የታመመ ከብት ሲታረድ አባ ሰንጋ ይመጣል፤ እሱ ይገድላል። እርጉዝ ሴት ደግሞ ጥሬ ሥጋ ጭራሽ ባትነካ ይሻላል፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ ለጽንሱ ያሰጋል። በሌላ በኩል ሰው ለጥሬ ሥጋ የሚያቀርበው ምስጋና ሁሉ፣ ብረቱም ዚንኩም ቫይታሚን ቢ12ቱም፣ ጥብሱ ውስጥም አለ። ሲጠበስ ጥቂት ቢ1 ይቀንስ ይሆናል፤ ለእሱ ሲባል ኮሶ አይቀለብም። ጥሬ ሥጋን በጣዕሙና በወጉ እከራከርለታለሁ፣ በጤና ስም ግን አልችልም።

ገበያ

አንዲት እናት የደረቀ የኮሶ አበባ በቁና ይዘው ተቀምጠዋል። ቀላ ያለው የሴቴው ነው፤ የሚፈለገውም እሱ። ጥሬ ሥጋ እንደምንበላ ሲጽፍ የአገሩ ሰው ብዙም ያላመነው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለዚህ ዛፍም ጽፏል። የድሮ ሰው በየሁለት ወሩ ይጠጣው ነበር፤ የጠጣ ሰው ያን ቀን ከደጅ ስለማይወጣ እንግዳ ለመመለስም ምክንያት ይሆነው ነበር። ልኩ ካለፈ ግን ዓይን ያጠፋል፣ ለነፍሰ ጡርም አይሆንም። “ማነው አሁን የሚገዛዎት?” አልኳቸው። “ሽማግሌ። ልጆቹ እዚያ ነው የሚሄዱት” ብለው በአገጫቸው መንገድ ማዶ አሳዩኝ።

ማዶው መድኃኒት ቤት ነው። ባለሙያዋ ለጋ ወጣት ናት። ትናንት ቅርጫ ላይ እንደነበርኩ ነግሬ፣ ለጥንቃቄ የኮሶ መድኃኒት አሁኑኑ ብወስድስ አልኳት።

“ክትባት መሰለዎት እንዴ፣ ጋሼ?” አለች። “ትሉ አድጎ ቁራጩ መታየት እስኪጀምር ሦስት ወር ገደማ ይፈጅበታል። የመስቀሉ የሚመጣልኝ ለገና ነው፤ ያኔ ወረፋ ነው እዚህ።”

ለገና አዲስ አበባ እንደምሆን ስነግራት ከካርቶን ጠርዝ ቀድዳ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የሚሉትን ስሞች ጻፈችልኝ። ቁራጭ ካላየሁ ግን ሁለቱንም እንዳልገዛ አስጠነቀቀችኝ።