«ምንም የለብህም» የተባልኩበት ሕመምና የቻይናው መድኃኒት



ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። ስለ ራስ ሕመም ማውራት ስሞታ እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ባለፈው ሰሞን ግን አንድ ወንድም ከመግሪብ በኋላ በር ላይ ጠብቆኝ፣ «እኔም እንዳንተ ነኝ። ድካሙ አልለቀኝም። የቻይና መድኃኒት ልጀምር ነው፤ ምን ትላለህ?» አለኝ። ቆመው የሚመልሱት ጥያቄ አልነበረም። ሌሎችም ይጠቀሙበት እንደሆነ ብዬ እዚህ ልመልስለት።

የምኖረው የካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። በሰፈራችን መስጂድ የኢማሙ ረዳት ነኝ። አዛን አደርጋለሁ፤ ሼኻችን ሲያማቸው ወይም መንገድ ሲሄዱ አሰግዳለሁ፤ ከዐስር በኋላ ልጆች አቀራለሁ። ዳገቱን በቀን አራትና አምስት ጊዜ እወጣው ነበር።

ኮሮና የያዘኝ በመጋቢት 2013 ነው። በሽታው አገራችን መግባቱ ከተነገረበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 አንድ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። ሆስፒታል አልተኛሁም። ቤት ውስጥ ተለይቼ ትኩሳቱም ሳሉም በሁለት ሳምንት ለቀቀኝ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ረመዳን ገባ። በሦስተኛው ቀን የፈጅር አዛን ላይ ትንፋሼ መሀል ላይ ተቆረጠ። ማይክሮፎኑን ለሌላ ወንድም ሰጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ለማስረዳት ያስቸግራል። ዳገቱን ሁለቴ የወጣሁ እንደሆነ ያን ቀን ደህና እውላለሁ። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ግን ተደብድቤ ያደርኩ ያህል አልጋ ላይ እወድቃለሁ። እንቅልፌ አያሳርፈኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የያዝኩት ሱራ መሀል ላይ ይጠፋብኛል። ይህኛው ከሁሉ የበለጠ አስለቀሰኝ።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ደም፣ የደረት ራጅ፣ የልብ ምርመራ ሁሉ ደህና ነው ተባለ። «ምንም የለብህም» አሉኝ። ሰው ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እኔ ግን «ምንም» የሚባለውን ነገር ተሸክሜ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ሰፈሩም የየራሱን ፍርድ ሰጠ። አንዱ ዐይን ነው አለ፣ አንዱ ሲሕር ነው አለ፣ አንዱ ደግሞ በጆሮዬ እየሰማሁ «ሰነፈ» አለ። ሩቅያ ተቀራልኝ። ቁርአን ለልቤ እረፍት ሆነኝ፤ ድካሙ ግን እንዳለ ነበር። እናቴ በዳማከሴና በጥቁር አዝሙድ አከመችኝ፤ አጎቴ ዋገምት አስያዘኝ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ሐኪም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ለዚህ ሕመም ትርጉም እንዳወጣለት ነገረኝ። ኮሮና ከያዘ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ የሚታይ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆይ፣ በሌላ በሽታ የማይገለጽ ሕመም ማለት ነው። በእንፍሉዌንዛና በሌሎች ቫይረሶች የተያዙ ሰዎች ላይም እንዲህ ያለ ድካም ከድሮ ጀምሮ ይታወቃል። ምርመራው ደህና መሆኑ በሽተኛው ውሸታም ነው ማለት አይደለም። ይህን ቀድሜ አውቄ ቢሆን ብዙ ገንዘብ አላባክንም ነበር።

አሁን ወደ ቻይናው መድኃኒት ልምጣ።

ከቻይናዎች ጋር መንገድ ሥራ ላይ የሚውል ጓደኛዬ ነው ወደ አንድ መሸጫ የወሰደኝ። የዕቁብ ተራዬን ይዤ ሄድኩ። ሰውየው ምላሴን አየ፣ የሁለቱንም እጆቼን የደም ሥር ረጅም ጊዜ ዳሰሰ፣ ስለ እንቅልፌና ስለ ላቤ ጠየቀኝ። እውነቱን ልናገር፤ ያን ያህል ጊዜ ሰጥቶ ያዳመጠኝ ሰው አልነበረምና ገና መድኃኒቱን ሳልቀምስ የዳንኩ መሰለኝ። ተፈልቶ የሚጠጣ ቅጠልና ሥር በላስቲክ ሰጠኝ። ላዩ ላይ ከቻይንኛ ጽሑፍ በቀር ምንም የለም።

በመጀመሪያው ሳምንት ነቃሁ። በሦስተኛው ሳምንት ልቤ ሌሊት ሌሊት ይደልቅ ጀመር። ጤና ጣቢያ ስሄድ ግፊቴ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሟ «ምን እየጠጣህ ነው?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። ቻይናዎች ማ ኋንግ የሚሉት ተክል ኤፌድሪን የሚባል ንጥረ ነገር እንዳለው፣ እሱም ልብን እንደሚያስሮጥና ግፊት እንደሚጨምር አስረዳችኝ። «እሱ ይኑርበት አይኑርበት እኔም አላውቅም፣ አንተም አታውቅም። ችግሩ ይኼ ነው» አለችኝ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ቤልጂየም ውስጥ ለመክሳት ብለው የቻይና ቅጠል ያለበት መድኃኒት የወሰዱ ብዙ ሴቶች ኩላሊታቸው መበላሸቱንም የሰማሁት ከእሷ ነው። ቅጠሉ በሌላ መርዛም ተክል ተቀይሮ ነበር።

ወደ መሸጫው ስመለስ ቅጠሉን ትተው ሌላ ነገር አወጡልኝ። ቡናማ፣ እንደ ቸኮላት የተቆረጠ ድርቅ ያለ ነገር ነው። «ደም ይሞላል፣ ድካም ያጠፋል» አሉኝ። ስሙ ኧጂያኦ ነው። አስተርጓሚዋን ከምን እንደሚሠራ ጠየቅኳት። ፈገግ ብላ ዝም አለች። ደግሜ ስጠይቃት «ከአህያ ቆዳ» አለችኝ።

ወንድሞችና እህቶች፣ በ2009 ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ በሕዝቡ ቁጣ መዘጋቱን ታስታውሳላችሁ። የቆዳው ዋና ገበያ ይኸው መድኃኒት ነው። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎችም በየካቲት 2016 እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው አህያን ለቆዳዋ ማረድ እንዲቆም ወስነዋል። የቤት አህያ ሥጋ በኸይበር ዘመቻ ጊዜ እንደተከለከለ መድረሳ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። እኔ አስተማሪው ሳልጠይቅ ልውጠው ነበር። ሳይነገረኝ የጠጣሁት ቅጠል ውስጥስ ምን እንደነበር አላህ ነው የሚያውቀው።

ለሼኻችን ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣ «መድኃኒት መፈለግህ ጥፋት አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለዋል። ጥፋትህ ገበያ ላይ አንድ ኪሎ ሥጋ ስትገዛ ማን አረደው ብለህ የምትጠይቀውን፣ ለሰውነትህ ሲሆን አለመጠየቅህ ነው» አሉኝ።

ይህን ስል የቻይና ሕክምና ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ወባ ሲይዘን የምንውጠው ኮአርተም መነሻው የቻይና ቅጠል ነው፤ ከእኛ አሪቲ ጋር የአንድ ወገን ተክል ነው። ቱ ዩዩ የተባለችው ቻይናዊት ተመራማሪ የጥንት መጻሕፍትን ስታገላብጥ ቅጠሉ ሳይፈላ በውኃ ተዘፍዝፎ እንደሚጨመቅ አነበበች። ሙቀቱ መድኃኒቱን እንደሚያጠፋው ገባት። እንስሳት ላይ ሞከረችው፣ ከዚያ በራሷ ላይ ሞከረችው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። ቅጠሉ መድኃኒት የተባለው ጥንታዊ ስለሆነ ሳይሆን ተመርምሮ፣ ተለክቶ፣ ጥቅሙና ጉዳቱ ስለታወቀ ነው። የእኛም ዳማከሴና ጥቁር አዝሙድ እንዲሁ ቢመረመሩ ክብራቸው አይቀንስም።

መርፌውንም ሞክሬያለሁ። የቻይና የሕክምና ቡድኖች ወደ አገራችን መምጣት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይታወቃሉ። እኔን ያከመኝ ሐኪም እድናለሁ ብዬ እንዳልጠብቅ በአስተርጓሚ ነገረኝ። መርፌው የአንገቴን ሕመም አቀለለልኝ፤ እንቅልፌም ትንሽ ተሻሻለ። ከፈረንሳይ አቃቂ ድረስ በታክሲ ተጋፍቶ መመላለሱ ግን መርፌው የሰጠኝን መልሶ ይወስድብኝ ነበር። ተውኩት።

በእውነት የጠቀመኝ ነገር ገንዘብ አላስወጣኝም። አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ትንፋሼ አጥሮኝ ቁጭ ብዬ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናት ሸክማቸውን መንገድ ዳር ካለው ግንብ ላይ አሳርፈው አየኋቸው። አልደከሙም ነበር። «እማማ፣ ገና አሁን አርፈው አልነበር?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ከደከምኩ በኋላ ካረፍኩማ መነሻም የለኝ» አሉኝ። ያቺ ጤና ጣቢያ ያለችው ሐኪም ስትለፋ የነበረችው ይህንኑ ልታስረዳኝ ነበር፦ ከመድከምህ በፊት እረፍ፤ ደህና በዋልክ ቀን ያለህን ጉልበት ሁሉ አታውጣ።

አሁን ሱናዎችን ተቀምጬ እሰግዳለሁ፤ ሲብስብኝ ፈርዱንም። ተቀምጦ መስገድ ለታመመ ሰው የተሰጠ መሆኑን ለስንት ሰው አስተምሬ ራሴ ላይ ሲደርስ አፍሬበት ነበር። አዛን የማደርገው በቀን አንድ ወቅት ብቻ ነው። አልዳንኩም። ግን በወር ውስጥ የምወድቅባቸው ቀናት ቀንሰዋል፤ ሱራዎቼም ቀስ በቀስ እየተመለሱ ነው።

ለጠየቅኸኝ ወንድም እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፦

1. መጀመሪያ በደንብ ተመርመር። የደም ማነስ፣ የእንቅርት፣ የስኳርና የሳንባ ነቀርሳ ድካም መድኃኒት አላቸው።

2. ውስጡ ያለውን የማይነግርህን ሰው መድኃኒት አትጠጣ፤ ቻይናዊም ይሁን ሐበሻ፣ «ኢስላማዊ» የሚል ቢለጠፍበትም። የምትወስደውን ሁሉ ለሐኪምህ ንገር።

3. ይህን ሕመም ከሥሩ እንደሚነቅል የተረጋገጠ መድኃኒት ዛሬ የለም። «በርግጠኝነት አድንሃለሁ» ካለህ ገንዘብህን ይዘህ ውጣ።

4. ሳይደክምህ እረፍ።

ለጀመዓው ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። ፊቱ ደህና የሚመስል ሰው «አሞኛል» ሲላችሁ እመኑት። እኔ ያልታወቀ ቅጠል እስክጠጣ ያደረሰኝ በሽታው ብቻ አልነበረም፤ የሚያምነኝ ሰው መፈለጌም ነበር።

አላህ የታመሙትን ሁሉ ያሽራቸው፤ ለሚያስታምሟቸው ትዕግሥት ይስጣቸው። ወላሁ አዕለም።