«ስኬሉ ስንት ነው?»

መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. እሁድ ምሽት፣ ከ2 ሰዓት አለፍ ሲል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ምን እያደረገ እንደነበር ዛሬም ያስታውሳል። የጣሪያ መብራት ተወዛወዘ፣ ብርጭቆ ከብርጭቆ ተጋጨ፣ ሰው በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወረደ። ምንጩ ከከተማዋ በስተምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ነበር። መጠኑ 4.9። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት እንዴት እንዳለፉ ይታወቃል። መሬቱ ትንሽ አረፍ ይላል፣ ደግሞ ይነሳል። የካቲት 7 ለሊት መጠኑ 6.0 ደረሰ። በአፋርና በኦሮሚያ በርካታ ሺህ ሰዎች ከቀያቸው ተነሱ። አዲስ አበባ ደግሞ በየስልኩ «ዛሬ ለሊት ከባዱ ይመጣል ተብሏል» የሚል የድምፅ መልእክት ስትቀባበል ከረመች።

በዚያ ሰሞን አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ ወሬ መስማት ሰለቸውና ራሱ ሊያይ ወሰነ።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ከአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ፉሪ ተራራ ላይ የዓለም አቀፉ የሲስሞግራፍ መረብ አካል የሆነ ጣቢያ አለ። እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች የሚመዘግቡት ዳታ ለማንም ክፍት ነው፤ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ ደብዳቤ አያጽፍም። (በአገራችን ደብዳቤ ሳይጻፍ የሚገኝ ነገር ማግኘት በራሱ የሚያስደንቅ ነው።) የጣቢያውን ስም፣ የቻናሉን ስም፣ መነሻና መድረሻ ሰዓቱን ጽፎ የላከ ሰው ሚኒሲድ የሚባል ፋይል ይወርድለታል። ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። መሬቱ ወደ ላይና ወደ ታች የተንቀሳቀሰበት ፍጥነት በየሰከንዱ 20 ጊዜ ከተለካ በአንድ ቀን 1,728,000 ቁጥር ይከማቻል። ይህን ሁሉ በዓይን ማንበብ የሚችል ሰው የለም፤ ምስል መሆን አለበት።

ለዚህ ኦብስፓይ የሚባል ነፃ የፓይተን ቤተ መጻሕፍት አለ። ጀርመን አገር፣ ሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረ ነው። ሲጫን አብሮት ኦብስፓይ-ፕሎት የሚባል ትንሽ መሣሪያ ይመጣል። ተርሚናሉ ላይ የመሣሪያው ስም ይጻፋል፣ ከጎኑ የፋይሉ ስም፣ ከዚያ ኢንተር። የሚቀመጥበት ፋይል ከተነገረው ምስሉን እዚያ ያኖረዋል። በቃ። ሌላ ነገር አይጠይቅም፤ ነገሩ የተበላሸውም ሌላ ነገር ስለማይጠይቅ ነው።

መጀመሪያ የጠፋው ሰዓቱ ነበር። ልጁ የእሁዱን ምሽት ለማየት ፈልጎ «2 ሰዓት» ብሎ አስገባ። የወጣለት ጸጥ ያለ መስመር ነው። የጣቢያዎቹ ሰዓት ዩቲሲ ነው፤ ከእኛ የሰዓት ክልል በ3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፤ በዚያ ላይ እኛ ሰዓታችንን ከንጋት ጀምረን ነው የምንቆጥረው። የእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት በዩቲሲ 17 ነው። በዩቲሲ 2 ሰዓት ማለት ደግሞ እዚህ ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው። እናም ሰውየው ከተማው በሙሉ የተናወጠበትን ሰዓት አየሁ ብሎ፣ ሰው ገና ከእንቅልፉ ያልነቃበትን የዚያኑ ዕለት ጎሕ ሲመለከት ቆየ። ይህን ስህተት ግን ቶሎ ደረሰበት፤ ጉዳትም አላመጣም።

ሁለተኛው ስህተት ግን ሰው ላይ ደረሰ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከእኩለ ለሊት እስከ ንጋት ያለውን 6 ሰዓት አወረደና ያንኑ ትእዛዝ ሰጠ። የወጣው ምስል ከዳር እስከ ዳር በጥቁር የተሞላ፣ እንደ አባጨጓሬ ጠጉራም የሆነ ወፍራም መስመር ነበር። ልጁ ደነገጠ። ምስሉን የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ለጠፈና ከሥሩ «ለሊቱን ሙሉ ስንናጥ ነው ያደርነው» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ግሩፕ ወደ ሌላ ግሩፕ፣ ከዚያም ወደ ሠፈር ግሩፕ ተላለፈ። በነገታው ለሊት እናቱ፣ ጎፋ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ የሚኖሩት፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ግቢ ውስጥ የጎረቤት መኪና ላይ አደሩ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው።

ምስሉ ሐሰት አልነበረም። አንድም ቁጥር አልተቀየረም። የሆነው እንዲህ ነው። መሣሪያው ከተሰጠው ፋይል ውስጥ ትልቁንና ትንሹን ቁጥር ፈልጎ፣ ምስሉ ከላይ እስከ ታች እንዲሞላ አድርጎ ይዘረጋቸዋል። ፋይሉ ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥ ካለ ምስሉን የሚሞላው እሱ ነው። ከሌለ ግን የሩቅ መኪና፣ ነፋስና ዛፍ፣ ከውቅያኖስ ሳይቀር የሚመጣው የማያቋርጥ ጥቃቅን እንቅስቃሴ ምስሉን ይሞላዋል። መሬት ፈጽሞ ጸጥ ብላ አታውቅምና ሁልጊዜ የሚዘረጋ ነገር አለ። ጥቁረቱ ደግሞ የመጣው ከስፋቱ ነው። 6 ሰዓት ማለት 432,000 ቁጥር ነው፤ ምስሉ ግን ወርዱ 800 ፒክስል ነው። ስለዚህ በአንዷ ፒክስል ላይ ከ500 በላይ ቁጥሮች ይደራረባሉ። መሣሪያው ከነዚያ ውስጥ ትልቁንና ትንሹን ይዞ በቁም መስመር ያገናኛቸዋል፤ መስመሮቹ ተጣብቀው ጥቁር ግድግዳ ይሆናሉ። ጸጥተኛ ለሊት እንዲህ ነው የሚታየው። ጎን ለጎን ያሉት ቁጥሮች ናቸው ምስጢሩን የሚናገሩት፤ በስልክ ላይ ደግሞ እነሱ ከጤፍ ያነሱ ናቸው።

ማታ ላይ ከግሩፑ አባላት አንዷ፣ ጂኦፊዚክስ የምታጠና የአክስቱ ልጅ፣ ሦስት ቃል ብቻ ጻፈችለት፦ «ስኬሉ ስንት ነው?»

ልጁ ሲያየው የእሁዱ ምስል ጠርዝ ላይ ያለው ቁጥር ከዚህኛው በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ከዚያ ሁለቱን ፋይሎች በአንድ ትእዛዝ አብሮ ሰጠ። ኦብስፓይ-ፕሎት የአንድ ጣቢያ፣ የአንድ ቻናል ፋይሎች ሲሰጡት በአንድ መስመር ላይ ያገጣጥማቸዋል፤ ዳታ የሌለበትን መሐል ክፍት ይተወዋል። አሁን ስኬሉ አንድ ሆነ። እሁድ ምሽት ላይ ረጅም ምሰሶ ቆመ፣ «ስንናጥ ያደርንበት» ለሊት ደግሞ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን መስመር ሆነ።

አንዳንዱ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ «ለዚህ ነው ለባለሙያ መተው ያለበት» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። ልጁ ዳታውን ማውረዱ አልነበረም ጥፋቱ፤ ምስሉን ያለ ቁጥሩ መላኩ ነበር። ያቺ ተማሪም ስህተቱን ልታውቅ የቻለችው ዳታው ክፍት ስለሆነና እሷም ያንኑ ፋይል ማውረድ ስለምትችል ነው። የድምፅ መልእክቱን «ከየት አመጣኸው?» ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ቢጠይቅም መልሱ «አንድ የማውቀው ሰው» ነው። ምስል ግን ጣቢያው፣ ቻናሉ፣ መነሻ ሰዓቱ፣ የተጣራበት ፊልተርና ስኬሉ ከሥሩ ከተጻፈ፣ ናዝሬት ያለውም ዋሽንግተን ያለውም ሰው ደግሞ ሊሠራው ይችላል። የተሰጠው ትእዛዝ እንዳለ ከምስሉ ሥር ቢለጠፍ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ አንድ መስመር ነው፣ ቦታ አይፈጅም።

ይህ አዲስ ነገርም አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1950ዎቹ የአውሮፓ አቆጣጠር መጨረሻ ሥራ ሲጀምር ምዝገባው የሚሽከረከር ከበሮ ላይ በተጠቀለለ ወረቀት ነበር። ኦብዘርቫቶሪውን የመሠረቱት ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዌን፣ ከዘመናት የተሰበሰበውን የመንቀጥቀጥ ታሪክ በ1979 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትመዋል፤ በ1961 ማጀቴን ያፈረሰው የካራ ቆሬው አደጋ እዚያ ውስጥ አለ። ኦብስፓይም የዚያን ከበሮ መልክ አልተወውም። አንዱን ቀን በ15 በ15 ደቂቃ ቆርጦ መስመር በመስመር ይደረድረዋል። ለዚህ ግን አጭሩ ትእዛዝ አይበቃም፤ ሁለት ሦስት መስመር ፓይተን መጻፍ ያስፈልጋል።

ልጁ ያንን ጻፈ። የእሁዱን ምሽት ብቻ አጉልቶ ሲያየው ደግሞ መጀመሪያ ትንሽ ንዝረት መጣ፣ ከዚያ ትልቁ ተከተለ። ፒ እና ኤስ የሚባሉት ሞገዶች ናቸው። በመሐላቸው ያለውን ሰከንድ ቆጥሮ በ8 ማባዛት ርቀቱን በኪሎ ሜትር ግምት ይሰጣል። ከፈንታሌ እስከ ፉሪ ያለው ርቀት ወደ 16 ወይም 17 ሰከንድ ይሆናል። በአጠገቡ የሚያልፍ ሲኖትራክ እንዲህ ያለ ልዩነት የለውም፤ ቀስ ብሎ ይጨምራል፣ ቀስ ብሎ ይጠፋል።

የታረመውን ምስል ግሩፑ ላይ ለጠፈ። ከሥሩ ጣቢያውን፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ስኬሉንና ትእዛዙን ጻፈ፤ የፊተኛው ስህተት መሆኑንም ጨመረ። እሱን እንደ መጀመሪያው ማንም አላስተላለፈውም። እናቱ ግን ደወሉ።

«እና ዛሬ ቤቴ ልደር ነው የምትለኝ?»

«እማዬ፣ ይሄ ያለፈውን ብቻ ነው የሚያሳየው። የዛሬውን ማንም አያውቅም።»

«ታዲያ ምኑን ነገርከኝ?» አሉና ዘጉ።

ያን ለሊት ቤታቸው አደሩ። ጋቢውንና ጫማቸውን ግን በሩ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀምጠው ነበር የተኙት።