ስሙን የተነፈገው በሽታ

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ፣ በዚያን ጊዜ እሠራበት በነበረው ጋዜጣ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ዜና ቀረበልኝ። ከጋምቤላ የተነሣው ወረርሽኝ ወደ ሌሎች ክልሎች መዛመቱን ያትታል። ወጣቱ ዘጋቢ ሦስት ቦታ ላይ «ኮሌራ» ብሎ ጽፏል። ቀይ እስክሪብቶዬን አንሥቼ ሦስቱንም ሰረዝኩና በምትካቸው «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» አልኩ። ማንም አላዘዘኝም። የመንግሥት መግለጫ እንዲያ ይል ነበር፤ ከምርጫ 97 በኋላ ጋዜጦች ሲዘጉ፣ ባልንጀሮቻችን ወኅኒ ሲወርዱ ደግሞ አይተናል።

«ጋሼ፣ ናሙናውን ያዩት ባለሙያ ነግረውኛል እኮ» አለኝ ዘጋቢው።

«ስሙ ምን ያደርግልሃል? ሰው እጁን እንዲታጠብ ጻፍ» አልኩት።

ይህ መልሴ ዐሥር ዓመት ቆይቶ ቤቴ ድረስ መጣ። በሰኔ 2008 ዓ.ም. በሽታው አዲስ አበባ ሲገባ ስሙ ይብሱን አጥሮ «አተት» ሆኖ ነበር። ቴሌቪዥኑ ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ ጥሬ ምግብ አትብሉ ይላል። ምክሩ ትክክል ነበር። ቃሉ ግን ማንንም አላስደነገጠም፤ ልጆች ሳይቀሩ ይቀልዱበት ነበር። አንድ ሌሊት አክስቴ ታመሙ። ምች ነው ብለን ዳማከሴ አጠጣናቸው፤ እስኪነጋ እንጠብቅ ተባባልን። ሲነጋ ዓይናቸው ጎድጉዶ፣ ድምፃቸው ተዘግቶ አገኘናቸው። በሕክምና ጣቢያው የተቀበለችን ነርስ ለምን እንደቆየን ጠየቀችኝ። «አተት ነው ብለን» አልኳት። ዙሪያዋን ቃኘት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ኮሌራ ነው» አለችኝ። አክስቴ ተረፉ። ያቺ ነርስ የበሽተኛዋን ደዌ ለቤተሰቧ ለመንገር ዙሪያዋን መቃኘት ማስፈለጉን ግን አልረሳሁትም።

የባለሥልጣናቱን ክርክር አላጣጥልም። በ1983 ዓ.ም. ፔሩ ኮሌራ መግባቱን በይፋ ስትናገር የዓሣ ምርቷ ገበያ አጥቶ ብዙ ገንዘብ ከስራለች። ጎብኚ ይቀራል፣ ሕዝብ ይሸበራል የሚለው ስጋት ከመሬት የተነሣ አይደለም። ሕክምናውም ያው ነው ይሉናል፤ እውነት ነው፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የበሽታውን ስም አይጠይቅም። ነገር ግን ኮሌራ በጊዜ ከታከመ ከመቶ ሰው አንድ እንኳ አይገድልም፤ ካልታከመ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቤተሰብ በሌሊት ተነሥቶ መሮጡ ወይም እስኪነጋ መጠበቁ ነው። ያንን የሚወስነው ደግሞ ስሙ ነው። ክትባቱም ቢሆን የሚጠየቀው ለኮሌራ እንጂ ለአተት አይደለም። በ2009 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል፣ በድርቁ መካከል፣ ብዙ ሕይወት ሲቀጠፍ እንኳ በሽታው በስሙ አልተጠራም።

ከባሕር ማዶ የሚሰራጩ የተቃውሞ ድምፆችስ? ብዙዎቹ ቃሉን ያለ ፍርሃት ጠርተውታል። ሆኖም ለበሽተኛው ስኳር፣ ጨውና የተፈላ ውኃ እንዴት እንደሚዋሐድ ከመንገር ይልቅ፣ የሬሳ ቁጥር እያነሡ መንግሥትን መውገሪያ ድንጋይ ያደረጉትም ነበሩ። አንዱ ወገን ስሙን ደበቀ፤ ሌላው ስሙን ብቻ ጮኸ። በሁለቱም ዘንድ በሽተኛው ተረሳ።

በ2011 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በሽታው ኮሌራ መሆኑን በይፋ ተናገረ። ሰማዩ አልተደረመሰም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከባሌ ዞን የተነሣውም ወረርሽኝ በስሙ ተጠርቷል። በእርግጥ ስም ብቻውን ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ቤት አይሆንም፤ ያ ወረርሽኝ ለወራት የዘለቀውም ስም ስላጣ አልነበረም። ቢሆንም «ሕመሙን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂላችን ለግለሰብ ብቻ የተነገረ አይመስለኝም።

መንግሥትን መውቀስ ቀላል ነው፤ ይገባዋልም። እኔ ግን ያቺን ቀይ እስክሪብቶ አስባለሁ። ሚኒስትሩ የተናገረው አንድ ጊዜ ነው፤ በየማለዳው ያተምነው እኛ ነበርን። ያ ወጣት ዘጋቢ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ይህን ካነበበ ግን፣ ስሙ ምን እንደሚያደርግ አሁን ገብቶኛል።