«ጮህሁ፤ ግን ማን ጠየቀኝ?»

አንባቢያን ሆይ፣ በአገሩ ብዕር ይዞ የዋለ በሰው አገር ካርቶን ሲያነሳ ያድራል። እኔም ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ያገኘሁትን ዲግሪ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ፣ እዚህ ስካርቦሮ በአንድ መጋዘን የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ።

የፈረቃችን አለቃ የአገራችን ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። በበረዶው ወራት አንዲት የፊሊፒንስ ልጅ «በሰው ፊት ያዋርደኛል፣ በእንግሊዝኛዬ ይሳለቃል» ብላ ከሰሰቻቸው። በዚያው ሌሊት መታወቂያቸው ተወስዶ በጥበቃ ታጅበው ወጡ።

በማግስቱ ቲም ሆርተንስ ተሰበሰብን። ቡናው ሳይቀዳ ፍርዱ ተሰጠ። «ውሸቷን ነው! አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? ጻፍና እንፈርም!» አሉኝ። ችግሩ እኔ በቦታው ነበርሁ። ጋሼን ለብቻቸው ወስጄ፣ «ጮኸውባታል እኮ» አልኋቸው። አንገታቸውን ደፉ።

«ጮህሁ፤ ግን ማን ጠየቀኝ?»

ይህች ቃል ልጅነቴን ቀሰቀሰችብኝ። በ1985 ዓ.ም. ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 የሚበልጡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በደብዳቤ ሲባረሩ፣ በቤታችን የነበረው ጥያቄ «ምን አጠፉ?» ብቻ ሳይሆን «መቼ ተጠየቁ?» የሚል ነበር። ያ በደል ከመጋዘን ጠብ ጋር አይወዳደርም፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። «ተጠየቅ!» እየተባባለ በዛፍ ጥላ ሥር ሲሟገት የኖረ ሕዝብ ልጆች ነን። ለእኛ የዳኝነት መጀመሪያው መጠየቅ ነው።

ታዲያ ልጅቷስ? እኛ «ውሸታም» ብለን ስንፈርድባት ማን ጠየቃት?

ደብዳቤውን ጻፍሁ። «ውሸት ነው» አላልሁም፤ «ሁለቱም ይሰሙ፤ እኔም ያየሁትን እመሰክራለሁ» አልሁ። የኦንታሪዮ ሕግ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ አሠሪ እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲደርሰው ተገቢውን ምርመራ እንዲያደርግና ውጤቱን ለከሳሽም ለተከሳሽም በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ያንንም ጠቀስሁ።

ምርመራው ተደረገ። ጩኸቱንም፣ ፌዙንም መሰከርሁ። ጋሼ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተቀብለው ወደ ቀን ፈረቃ ተዛወሩ። እንጀራቸው አልተቆረጠም። ልጅቷም ሳትሸማቀቅ ትሠራለች። አንዳንድ ወገኖቼ ግን «የገዛ ወንድሙን አሳልፎ የሰጠ» ይሉኛል፤ የጋሼም ሰላምታ ቀዝቅዟል።

ይሁን። ወገን ማለት ጥፋት መሸፋፈን ከሆነ፣ ከአገር ያስወጣን ያው አይደለምን? ለራሳችን ሰው የጠየቅነውን ለባዕድ ልጅ ከነፈግን፣ «ፍትሕ! ፍትሕ!» ማለታችን ለማን ነው?

ቸር ይግጠመን።