የመኪናዬ ትኩሳትና የእኔ ጆሮ

የዛሬው ወጌ ስለ ፖለቲካ አይደለም፤ ስለ መኪና ነው። «ጋዜጠኛ ደግሞ ስለ መኪና ምን ያውቃል?» የምትሉ ካላችሁ ልክ ናችሁ። ይህን ያጻፈኝም አለማወቄ ነው።

መኪናችን የ2003 ሥሪት፣ ባለ አራት ሲሊንደር የጃፓን መኪና ናት። እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ግማሹ ሐበሻ አንድ ጊዜ የነዳት ዓይነት ነች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቀን እኔን ወደ ፓርኪንግ ሥራዬ ታደርሳለች፤ ማታ ደግሞ ባለቤቴን የዊልሰንን ድልድይ አሻግራ ሜሪላንድ ወደሚገኘው የአረጋውያን መንከባከቢያ ትወስዳለች። ሌላ መኪና የለንም። እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ ጋዜጣ ላይ ስሠራ የኖርኩ፣ በኋላም ባሕር ተሻግሬ የማስተርስ ዲግሪ የያዝኩ ሰው ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። ከዚህ በታች የምታነቡትን ጅልነት ያልተማረ ሰው ነው የሠራው እንዳትሉብኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው በኦክቶበር 2024 ነው። አንድ ማለዳ ባለቤቴ ከአዳር ሥራ ተመልሳ ጫማዋን እያወለቀች፣ «መብራት ላይ ስቆም የመኪናዋ ማሞቂያ ቀዝቃዛ አየር ይነፋብኛል፤ ስነዳ መልሶ ይሞቃል። ጣፈጥ ያለ ነገርም ይሸተኛል» አለችኝ። እኔ ዓይኔን ከስልኬ ሳላነሳ፣ «ያረጀ መኪና ነው፤ ምን ጠበቅሽ?» አልኳት። ለእኔ ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ።

ከሳምንት በኋላ መኪናዋ ከቆመችበት ሥር መዳፍ የምታህል ሮዝ እርጥበት አየሁ። ኮፈኑን ብከፍት የራዲያተሩ ውሃ ጎድሏል። በኮካኮላ ጠርሙስ ከቧንቧ ቀድቼ ሞላሁት። መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ኋላም በየሦስት ቀኑ አንድ ጠርሙስ መጨመር ልማድ ሆነ። «ይህ ሁሉ ውሃ ወዴት ይሄዳል?» ብዬ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ወደ ሥራ ስሄድ፣ 495 አውራ ጎዳና ላይ የሙቀት መለኪያው ጠቋሚ ከመሃል ተነስቶ ቀዩ ውስጥ ገባ። ወዲያው መቆም ነበረብኝ። ነገር ግን በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ አርፍጄ ስለነበር፣ «ስድስት ማይል ብቻ ቀርታለች» ብዬ ነዳሁ። ስደርስ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይትጎለጎል ነበር። ስትበርድ ውሃ ጨመርኩ፤ ተነሳች። «አይ የጃፓን ነገር!» ብዬ አመሰገንኳት።

ከዚያ ወዲህ ሌላ በሽታ መጣ። ጠዋት ጠዋት ስትነሳ ሞተሯ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል፤ ሚኒሞ ላይ አልረጋ ይላል፤ ከማርሚታው ነጭ ጭስ ይወጣል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ከሠራች በኋላ ሁሉም ይተዋታል። የቼክ ኢንጂን መብራትም በራ። ከጎረቤት በተዋስኩት መሣሪያ ባነብበው «ፒ 0303» አለኝ፤ ሦስተኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው። አራት አዲስ ካንዴላ ገዛሁ። አሮጌዎቹን ስፈታ ሦስቱ ቡናማ ነበሩ፤ የሦስተኛው ሲሊንደር ካንዴላ ግን ታጥቦ የተሰጣ ይመስል ንጹሕ ነው። «ይኼስ ደህና ነበር» ብዬ ወረወርኩት። ይህችን ካንዴላ ልብ በሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ካንዴላ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ኮይል ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ስለ ሙቀቱ የነገርኩት አንድ ጋራዥ ቴርሞስታት ቀየረልኝ፤ ለውጥ የለም። 430 ዶላር ከኪሴ ወጣ። ለጠዋቱ መንቀጥቀጥ አንድ መድኃኒት፣ ለትኩሳቱ ሌላ መድኃኒት እየገዛሁ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ ያየሁበት ቀን የለም።

በጃንዋሪ 2025 አንድ እሑድ ማታ ሥራ ላይ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ሰባት ዓመት ከሆናት ልጃችን ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ክርስትና ተጠርታ ስትመለስ ነው። «መኪናዋ ቆማለች፤ ጭስ አለ። ልጅቷን አውርጄ ከብረቱ አጥር ወዲያ ቆመናል» አለችኝ። የሥራ ባልደረባዬ በመኪናው ይዞኝ ሲሮጥ አርባ ደቂቃ ፈጀብን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የጭነት መኪኖቹ ሲያልፉ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ልጄ በእናቷ ካፖርትና ነጠላ ተጠቅልላ ዓይኗ ብቻ ይታያል። ባለቤቴ «ነግሬህ ነበር» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ የጠየቅሁት ጋራዥ 2,400 ዶላር አለኝ። መኪናዋ ራሷ ያን ያህል አታወጣም። በዚህ ጊዜ ነው ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ አዛውንት ትዝ ያሉኝ። እስከ 1990 ዓ.ም. የአገራችን ዋና በር በነበረው በአሰብ መንገድ ላይ የፊያት ኤን ትሬ ሾፌርም መካኒክም ሆነው ብዙ ዓመት የሠሩ ናቸው። ቅዳሜ መጡ። ኮፈኑን የሚከፍቱ መስሎኝ ነበር፤ አልከፈቱም። እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ «እስቲ መጀመሪያ ታሪኳን ንገረኝ። የቱ ቀደመ?» አሉኝ።

«በዲሴምበር መንቀጥቀጥ ጀመረች ጋሼ...» ስል፣ ቡና ይዛ የወጣችው ባለቤቴ፣ «ኧረ አይደለም ጋሼ፤ ከኦክቶበር ጀምሮ ነው» አለች። ጋሼ ፊታቸውን ከእኔ ወደ እሷ አዞሩ። «ማሞቂያው የሚቀዘቅዘው ስትቆሚ ነው ስትነጂ? ሽታው ከመቼ ወዲህ ነው? ነጭ ጭሱን ያየሽው ከዚያ በፊት ነው ከዚያ በኋላ?» እሷም የአዳር ተራዋን እየቆጠረች ሁሉንም በየቀኑ መለሰችላቸው። እኔ ቡናዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ዜና ክፍል ስገባ የተማርኩት የመጀመሪያው ነገር «በሥፍራው የነበረውን ሰው ጠይቅ» የሚል ነበር። የዓይን ምስክር ቤቴ ውስጥ ተቀምጣ ሦስት ወር ሙሉ አልጠየቅኋትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ!

ከዚያ በኋላ ነው ኮፈኑ የተከፈተው። ጋሼ የውሃ ፓምፑ ሥር የደረቀ ሮዝ ቅርፊት በጣታቸው ፍቀው አሳዩኝ። ነገሩን ሲያስረዱኝ እንዲህ ነው። ፓምፑ ቀስ እያለ ያንጠባጥብ ነበር። ውሃው ሲጎድል አስቀድሞ የሚቀዘቅዘው ማሞቂያው ነው፤ በተለይ መኪናዋ ስትቆም፣ ፓምፑ ቀስ ብሎ ሲዞር። ጣፋጩ ሽታ የራዲያተሩ ፈሳሽ ነው። እኔ ያንን በቧንቧ ውሃ አቀጠንኩት። ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ፣ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ግማሽ ፈሳሽ ግማሽ ውሃ ሆኖ በደህና ክዳን ግፊት ሥር ሲታፈን ግን እስከ 129 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይችላል። ያን ሁሉ አቅም በጠርሙስ እየቀዳሁ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

የስድስቱ ማይል ጉዞ የቀረውን ጨረሰው። አሉሚኒየሙ ቴስታታ በሙቀት ተጣመመ፤ ጓርኒሲዮኑ ተበላ። ሌሊት ሌሊት ውሃ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር ይሰርጋል፤ ጠዋት ያ ሲሊንደር አላቃጥልም ይላል፤ ውሃውም ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ያቺ ንጹሕ ካንዴላ ደህና ሆና አልነበረም ንጹሕ የሆነችው፤ እንፋሎት ነው ያጠባት። ጋሼ ለማረጋገጥ ራዲያተሩ አፍ ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መመርመሪያ ደቀኑ፤ የሞተር ጋዝ ካገኘው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ወዲያው ቢጫ ሆነ። ሁለት በሽታ ያልኩት አንድ በሽታ ነበር፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ልጅ ነው።

ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። ቴስታታው ተስተካክሎ መጣ፤ ጓርኒሲዮን፣ አዲስ ብሎኖች፣ ፓምፕ ገባ። በጠቅላላው 710 ዶላር ሆነ። ጋሼ ለጉልበታቸው ከአንድ ኪሎ ይርጋ ጨፌ ቡና በቀር አልቀበልም አሉ። ፓምፑ ለብቻው ግን 60 ዶላር ነበር። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን መኪና ሳይኖራቸው ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አሮጌ መኪና የምትነዳ ከሆነ ይህቺን ያዝልኝ። ጠቋሚው ወደ ላይ ከወጣ ማቀዝቀዣውን አጥፋ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈት፣ ጥግ ይዘህ ሞተሩን አጥፋ። ራዲያተሩ ሳይበርድ ክዳኑን አትንካ፤ ፊትህን ያቃጥልሃል። ውሃ የሚጎድል ከሆነ የሚሄድበትን ሳታገኝ ዝም ብለህ አትሙላ። ፈሳሹ ስለሚጣፍጥ ልጆችና ውሾች እንዳይቀምሱት አድርግ፤ መርዝ ነው። ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ደግሞ «የቱ ቀደመ?» ብለህ ጠይቅ፤ መኪናዋን ከአንተ ሌላ የሚነዳት ካለ እሱን ጠይቅ።

አሁን መኪናችን ውስጥ አንዲት ደብተር አለች። ሁለታችንም ያየነውንና የሰማነውን ከነቀኑ እንጽፍባታለን። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ፣ «ፍሬን ስይዝ የሆነ ነገር ይጮሃል» አለችኝ። ስልኬን አስቀመጥኩና ጫማዬን እየፈለግሁ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።